ኦፍሳይድ በሦስት ቋንቋ

እግር ኳስ ጥበብ ነው ይላሉ። ይበሉ። እኔ በበኩሌ ከጥበብ ጋር የተዋወቅሁት በአጥሬ በኩል ነው። ቤቴና ሱቄ ከሰፈራችን ሜዳ ጋር ይዋሰናሉ። ስለዚህ ጥበቡ በሳምንት ጥቂት ጊዜ የቀርከሃ አጥሬን በርግዶ፣ ያሰጣሁትን በርበሬ በትኖ፣ ዶሮዎቼን አስደንብሮ ይገባል፤ ከኋላው ደግሞ የጥበቡ ባለቤት ላቡን በማልያው እየጠረገ ብቅ ይልና «እትዬ ከድጃ፣ በአላህ፣ ኳሷን» ይለኛል። እሰጠዋለሁ። ምን ላድርግ? ጥበብን ቤት ውስጥ አስሮ ማሳደር ጣጣው የከፋ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ጥበብነቱን የነገረኝ መምህር ብሩክ ነው። ብሩክ ከመሀል አገር ተመድቦ መጥቶ እዚህ አሶሳ ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምር፣ ጸጉሩን ያሳደገ፣ ለስላሳ መጠጥ ሲገዛ እንኳ ወደ ሰማይ እያየ የሚገዛ ልጅ ነው። «እትዬ» ይለኛል፣ «አንድ ተጫዋች አብዶ ሲሠራ እኮ ባዶ ሸራ ላይ እየሣለ ነው።» እውነቱን ነው። እኔም ከሱቄ መስኮት ሆኜ በየሳምንቱ የማየው ሃያ ምናምን ወጣት አቧራ ውስጥ ሲስል ነው፤ ያውም በሁለቱም ትርጉሙ።

ስቄበት ዝም አላልኩም። እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ ብዙ ጊዜ አልፌያለሁ እንጂ ገብቼ አላውቅም። ማንበብ የለመድኩት ስኳር ከምጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ንባብ አንድ ችግር አለው፤ ታሪኩ ሲጥም ሌላው ግማሽ ሻይ ቅጠል ታቅፎ ወደ ሰው ቤት ይሄዳል። የሆነው ሆኖ የብሩክን ነገር ሳሰላስል አንድ ነገር አልዋጥ አለኝ። ሠዓሊ ሲስል ከኋላው ቆሞ ፊሽካ የሚነፋበት አለ? የለም። ዘፋኝ ሲያዜም መስመር አልፈሃል ብሎ ባንዲራ የሚያነሳበት አለ? የለም። ገጣሚ ቤት ሳይመታ ሲቀር ቢጫ ካርድ የሚያሳየው አለ? ይህ እንኳ ቢኖር ጥሩ ነበር። ዳኛ ያለው ጥበብ እግር ኳስ ብቻ ነው። ሌላው ጥበብ ሕጉን የሚጥሰውን ሊቅ ይለዋል፤ ይሄኛው ግን ሕጉን የሚጥሰውን ወደ ኋላ ተመለስ ይለዋል።

ከሕጎቹ ሁሉ ደግሞ አንዱ አለ፣ ማንም የማይገባው፣ ሁሉም የሚከራከርበት። እሱ ሕግ እኛ ከተማ ውስጥ ሦስት ስም አለው።

የተማሩት «ኦፍሳይድ» ይሉታል። ቃሉ ለእኛ ምንም ስለማይል ማንንም አያስቀይምም። የራዲዮው አማርኛ «ከጨዋታ ውጪ» ይለዋል። እዚህ ላይ ነገሩ መሻከር ይጀምራል፤ ምክንያቱም እንደምታውቁት በእኛ ቋንቋ ጨዋታ ማለት ኳሱም ነው፣ ወጉም ነው። አንድን ሰው በሕዝብ ፊት ከጨዋታ ውጪ ነህ ማለት ጠርታችሁት ሲያበቃ ወንበር እንደመንሳት ነው። ሦስተኛው ስም ግን ከሁሉ ይብሳል። በወዲያኛው በኩል፣ ከሱዳን በሚመጣው ራዲዮና በዓረብኛው ቴሌቪዥን ኳስ የለመዱ የከተማችን ሰዎች «ተሰሉል» ይሉታል። ትርጉሙን ጠይቄያለሁ። ሹልክ ብሎ መግባት ማለት ነው፤ ድመት ወጥ ቤት እንደምትገባው፣ ሌባ በጓሮ እንደሚገባው።

አያችሁ? ለአንዱ ባዶ ድምፅ ነው፣ ለአንዱ ከወግ መባረር ነው፣ ለአንዱ ሌብነት ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ሜዳ ላይ አሰልፋችሁ በአንድ ፊሽካ ተዳኙ ትሏቸዋላችሁ።

የዓረብኛው ወገን አለቃ ሼህ ሐሩን ናቸው። የበርታ ሽማግሌ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ኩርሙክ ድንበር ላይ ሰሊጥና ጨርቅ ሲነግዱ፣ ማታ ማታ የሱዳኖቹን ራዲዮ ከበው ሲሰሙ ነው ኳስ ልባቸው ውስጥ የገባው። ቤታቸው በርታኛ፣ ሶላታቸውና ኳሳቸው ዓረብኛ፣ ገበያቸው አማርኛ ነው። በሼህ ሐሩን አማርኛ ሴትና ወንድ የሚባል ልዩነት የለም። ሚስታቸውም «መጣ» ናት፣ ላማቸውም «ወለደ» ናት። የቢሮ ሰዎች ስለ ጾታ እኩልነት ስብሰባ ሲጠሩ እሳቸው ጉዳዩን ከጨረሱት ቆይተዋል። እኔ በአንድ ቋንቋ ብቻ የምናገር ሴት ስለሆንኩ በሦስት የሚናገርን ሰው በሦስተኛው አልስቅበትም። ትንሽ ብቻ።

እኚህ ሰው እንግዲህ ሴት ልጅ አላቸው፤ አምና። ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። እኔ ደግሞ ታናሽ ወንድም አለኝ፤ ሰይድ። እናታችን ከወሎ በሰፈራ መጥታ እሱን እዚሁ ወልዳ እዚሁ አረፈች፤ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ሰይድ የስፖርት አስተማሪ ነው፤ የከተማችን ዳኛም እሱ ነው። ችግሩ ከሜዳ ሲወጣም ዳኝነቱን አያወልቅም። ጸጉሩ ከፊት እስኪሳሳ ድረስ ሚስት ያላገባው ለዚህ ነው። ያጨሁለትን ልጅ ሁሉ አይቶ ቢጫ ካርድ ሰጥቶ ይመለሳል። አንዷ ብዙ ሳቀች፣ አንዷ አልሳቀችም፣ አንዷ ወጥ ሲወጣላት ሳህኑን ጎተተች። እኔ ተስፋ ቆርጬ፣ ይሄ ልጅ ከፊሽካው ጋር ይቀበራል ብዬ ትቼው ሳለሁ አንድ ቀን መጣና «እትዬ፣ የሼህ ሐሩንን ልጅ ጠይቂልኝ» አለኝ። አምናን! ጆሮዬን አላመንኩም። ከየት አየሃት፣ መቼ አወቅሃት ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። ሐሳቡን ሳይለውጥ ብዬ በማግስቱ ሽማግሌዎች ሰበሰብኩ።

ሼህ ሐሩን ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀበሉ፣ አበሉ፣ አጠጡ። ከዚያ «መልስ እሁድ ከኳስ በኋላ ነው» አሏቸው። የዚያን እሁድ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ጨዋታ ነበር። ላይ ሰፈር የእኛ ነው፣ ታች ሰፈር የእሳቸው። «ዳኛው ደግሞ እሱ ይሁን» ብለው ጨመሩ፤ «ልጄን የሚወስድ ሰው ሲፈርድ ልየው።»

እንግዲህ ፈተናው ይህ ነው። ሌላው ሰው በአማቱ ዘንድ በማር ይፈተናል፣ በቅቤ ይፈተናል፤ የእኔ ወንድም በዘጠና ደቂቃ ይፈተናል።

እሁድ ጠዋት ማልያውን ሲለብስ አጠገቡ ቆሜ ለመንኩት።

«ሰይዴ፣ ዛሬ ብቻ ዓይንህን ትንሽ ጨፈን አድርግ።»

«አንዱን ነው ወይስ ሁለቱን?»

«እንደ አስፈላጊነቱ።»

«እትዬ፣ ዳኝነት እኮ ነው።»

«ትዳርም ትዳር ነው!» አልኩት። አልሰማኝም። ፊሽካውን አንገቱ ላይ እንደ ክታብ አንጠልጥሎ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ከተማው ወደ ሜዳው ፈሰሰ። ሼህ ሐሩን በመሀል መስመር ትክክል የቀርከሃ ወንበራቸውን አስቀምጠው፣ ነጭ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። የእኛዎቹ ሽማግሌዎች መልሱን ለመስማት አጠገባቸው ተደረደሩ፤ ኳስ የማያውቁ ሰዎች ናቸው፣ ግን ሼሁ ጭንቅላታቸውን ሲነቀንቁ እነሱም ይነቀንቃሉ። እኛ ሴቶቹ በማዶ ጥላ ሥር ነን፤ አምናም ከእኛ ጋር ናት፣ ሻሿን ወደ ፊት ጎተት አድርጋ፣ ዓይኗ ሜዳው ላይ። ረዳት ዳኛ ስለጠፋ መምህር ብሩክ ቀይ የአንገት ሻርፑን ይዞ መስመሩ ላይ ቆመ። ባንዲራ ነው ተባለ።

ስለ ሜዳችንም ላስረዳችሁ። የጎላችን አግዳሚ ቀርከሃ ነው። በበጋ ቀጥ ይላል፣ ክረምት ሲመጣ ውሃ ጠጥቶ ይጎብጣል፤ ስለዚህ በጥር የሚገባ ኳስ በሐምሌ አግዳሚ ይመታል። የማዕዘን ምት የሚመታበት አንዱ ጥግ ጉድጓድ ስለሆነ መቺው ከወገቡ በታች አይታይም። እንዲህ ያለ ሜዳ ላይ የሚቀረው ሕግ የትኛው ነው ብትሉኝ፣ ሁሉም ነው። ሰው ያልተሟላለት ነገር ላይ ነው ሕግ የሚያጠብቀው።

አሁን ወደ ናስር እንምጣ። ናስር የሼህ ሐሩን የእህት ልጅ ነው፤ የታች ሰፈር አጥቂ፣ በሥራ ቀን የባጃጅ ሹፌር። ሆዱ ቀደም ቀደም ይላል። የአጨዋወት ስልቱ አለመሮጥ ነው። ጨዋታው ሲጀመር ቀስ ብሎ እየተራመደ እስከ እኛ በረኛ ድረስ ይሄድና እዚያው ይቆማል። የእኛ በረኛ ይመር ነው፤ እሱም ባጃጅ ነጂ ነው። ሁለቱ ወዳጆች ናቸው። ስለዚህ ሌላው ሃያው ሰው መሀል ላይ አቧራ ሲጠጣ፣ እነሱ ጎሉ አፍ ላይ ቆመው ስለ ባጃጅ ይጫወታሉ። ኳስ ከራቀ ይመር ቋሚው ላይ ደገፍ ይላል፣ ናስር በእጁ እያሳየ ያወራል። አንዳንዴ ሳቃቸው እኛ ድረስ ይሰማል።

ጨዋታው ባዶ ለባዶ ሊያልቅ ተቃርቧል። እኔ ደስ ብሎኛል፤ ባዶ ለባዶ ማለት ማንም አልተቀየመም ማለት ነው። አላህን እያመሰገንኩ ሳለሁ፣ ታች ሰፈሮች ከመሀል አንድ ረጅም ኳስ ለቀቁ። ኳሷ ሁሉንም ተከላካይ በራስ ላይ አልፋ ወደ ጎሉ ወረደች። እዚያ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ናስር ጀርባውን ለኳሷ፣ ፊቱን ለይመር ሰጥቶ እየተረከ ነው፤

«...አዲስ ጎማ ነው ብሎ ሊሸጥልኝ! ባየው ጥርስ የሚባል የለውም! እኔ ደግሞ ምን ብለው ጥሩ ነው...»

እዚህ ቃል ላይ ሲደርስ፣ ሳይዞር፣ ወሬውን ሳያቋርጥ፣ ቀኝ እግሩን ወደ ኋላ አንስቶ ኳሷን በተረከዙ ነካ አደረጋት። ኳሷ በራሱ ትከሻ ላይ ዞራ፣ በይመር ጆሮ ሥር አልፋ ገባች።

ይመር ግን ኳሷን አላያትም። «እሺ፣ ምን አልከው?» አለ።

ጥበብ ካላችሁ ያቺ ነበረች፤ እኔም አመንኩ። ከዚያ ታች ሰፈር በአንድ ድምፅ ፈነዳ። እና በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ቀጭን ረጅም ድምፅ ተሰማ። የወንድሜ ፊሽካ። እጁን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ቆሟል።

ልቤ ተረከዜ ውስጥ ገባ።

«ከጨዋታ ውጪ!» ብሎ ላይ ሰፈር ጮኸ። ሼህ ሐሩን ከወንበራቸው ተነሱ፤ ሽማግሌዎቹም ተነሱ። ጀለቢያቸውን በአንድ እጅ አንስተው ሜዳ ውስጥ ገቡ፤ ሽማግሌዎቹም ገቡ። እኔም ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ ሮጥኩ፤ ትዳር እየፈረሰ መስመር የሚያከብር የለም። ከኋላዬ ሴቱ ሁሉ ተከተለኝ።

«አንተ ልጅ፣ ምንድነው ፊሽካ?» አሉ ሼህ ሐሩን።

«ኦፍሳይድ ነው፣ ሼህ።»

«ተሰሉል? ናስር ነው የተሰለለው?» ደረታቸውን ያዙ። «ወላሂ እኔ ቤት ሌባ የለም! ናስር ከመጀመሪያ እዚያ ቆሟል። ሰው ሁሉ አይቷል። በረኛውን ሰላም ብሏል። ሌባ ሰላም ይላል?»

በረኛው ተጠራ። ይመር እንደ ምስክር እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እውነታቸውን ነው። አልተደበቀም። እንዲያውም ሰልችቶኝ ነበር።» የራሱ ቡድን ልጆች በዓይናቸው በሉት።

«ቢሆንም ከጨዋታ ውጪ ነው!» አለ ከላይ ሰፈር አንዱ።

«የምን ውጪ?» ሼህ ሐሩን ዞሩበት። «እናንተ ዝም ብሎ መሮጥ ነው። ሜዳው ላይ ጨዋታ የነበረው እነሱ ሁለቱ ብቻ ነው!»

ይህን ማን ይመልሳል? ቋንቋችን ራሱ አሳልፎ ሰጠን። ሰይድ ወደ ረዳቱ ዞረ፤ «መምህር፣ ባንዲራህ የት ነበር?»

ብሩክ ሻርፑን አንገቱ ላይ ጠምጥሞታል። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «እያየሁ ነበር» አለ።

«ምኑን?»

«ውበቱን።» ከዚያ ለሁላችንም ንግግር ጀመረ። ይህ ተረከዝ እንደማይደገም፣ ፈጠራ በመስመር እንደማይለካ፣ ዛሬ የሰረዝነውን ነገ እንደምንናፍቀው አስረዳን። አንዱ ሽማግሌ በጆሮዬ «ልጁ ታሟል?» ሲሉ ጠየቁኝ። «አይ፣ ተምሯል» አልኳቸው።

ተጫዋቾቹ በዚህ ጊዜ ሣሩ ላይ ቁጭ ብለዋል። ናስርና ይመር ያቋረጡትን የጎማ ወሬ ቀጥለዋል። ሰይድ ጎንበስ ብሎ ጫማዎች ሰበሰበና መሬት ላይ ደረደረ፤ ይሄ በረኛው፣ ይሄ ተከላካዩ፣ ይሄ ናስር። ናስር የሆነው የእኔ ጫማ ነበር። «አያችሁ ሼህ» አለ በትዕግሥት፣ «መታየት አለመታየት አይደለም። ሰላም ማለት አለማለትም አይደለም። ኳሷ ከመላኳ በፊት ከሁሉም አልፎ ቀድሞ የቆመ ሰው ጥፋተኛ ነው። በቃ።»

ሼህ ሐሩን ጫማዎቹን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

«ኳስ ሳይላክ ቀድሞ የቆመ ጥፋተኛ ነው?»

«አዎ።»

«ቢታይም?»

«ቢታይም።»

«ጠሐይ ላይ ቢቆምም?»

«የትም ቢቆም።»

«ጥሩ» አሉ ሼህ ሐሩን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እንግዲያው አንተ ሽማግሌ ሳትልክ፣ በእኔ ጓሮ፣ ማንጎ ሥር፣ ከአምና ጋር የቆምከው ምንድነው? እኔ ዓይን ደካማ ነው። ግን የሚያፏጭ ወፍ አለ፣ የሚያፏጭ ዳኛ አለ፤ ለይቼ አውቃለሁ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር፤ ከሁሉ በላይ ግን የተናደድኩት እኔ ሳላውቅ መቅረቴ ነው። በሰፈሩ የሚሆነውን ሁሉ በሱቄ መስኮት አያለሁ የምል ሴት፣ የገዛ ወንድሜ ጓሮ ለጓሮ እየዞረ ሲያፏጭ! ያ ሁሉ ቢጫ ካርድ ለካ ለዚህ ነው። ልቡ ሌላ ሜዳ ላይ ነበር።

ሁሉም ሰው ነገሩ ገብቶታል፤ ኳስ የማያውቁት ሽማግሌዎች እንኳ ገብቷቸዋል። ሼህ ሐሩን አንድ በር ክፍት ትተውለታል። ሰይድ ከዚያ ወጥመድ መውጣት የሚችለው በሼሁ ሕግ ነው፤ «አልተደበቅሁም፣ ሰው እያየኝ ነው የቆምኩት፣ አክስቷንም ሰላም ብያለሁ» ማለት። ግን እሱን ካለ የናስርም ጎል ይጸድቃል። አጅሬ ሽማግሌ! ልጃቸውንና ጎላቸውን በአንድ ገመድ አስረው ሰጡት፤ አንዱን ሲስብ ሌላው ይከተላል። እኔ ከሼሁ ጀርባ ሆኜ በዓይኔም፣ በቅንድቤም፣ በያዝኩት ጫማም ምልክት ሰጠሁት። ጎል ነው በል። ምን ችግር አለው? አንድ ጎል ነው! የኳስ ጎል!

ሰይድ ፊሽካውን ከአፉ አወጣ።

«ጥፋተኛ ነኝ፣ ሼህ» አለ። «እኔም ከጨዋታ ውጪ ነበርኩ። የናስርም ጎል አልጸደቀም።»

አርባ ዓመት ሊሞላው ከተቃረበ እንዲህ ካለ ልጅ ጋር እንዴት ነው የምኖረው? ጫማውን ልወረውርበት እጄን አንስቼ ነበር፤ አንዷ ሴት ያዘችኝ።

«ጥፋተኛ ከሆነ ጎሉ ምን ይሆናል?» አሉ ሼህ ሐሩን።

«ይሰረዛል።»

«የአንተም ተሰረዘ» አሉ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። እሳቸውን ግን አንጀታቸውን የበላቸው ይመስላል፤ ልጁ የተከፈተለትን በር አይቶ እንዳልገባ አይተዋል። ያም ሆኖ ቃል ከአፋቸው ወጥቷል፤ ሕዝብ ሰምቷል። ዞረው ወደ ወንበራቸው መሄድ ጀመሩ።

«ያባ!»

አምና ናት። ሴቶቹን በክርኗ ገፋ አድርጋ መሀል ወጣች። አባቷን በምትጠራበት ድምፅ ሳይሆን፣ መርፌ ልትወጋ ስትል በሽተኛውን «ዙር» በምትልበት ድምፅ ነው የጠራቻቸው። ሼሁም ዞሩ።

ይህች ልጅ ወንድም በሌለበት ቤት ያደገች ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቴሌቪዥን ፊት ከአባቷ ጎን ተቀምጣ፣ አማርኛውን ለእሳቸው በዓረብኛ፣ ዓረብኛውን ለጎረቤት በአማርኛ ስትተረጉም ነው የኖረችው። ሦስቱንም ስም የምታውቅ እሷ ብቻ ናት።

«ያባ፣ ኳሷን ማን አቀበለው?»

«የትኛውን? የናስርን?»

«የማንጎውን።»

ሼህ ሐሩን አንድ እርምጃ ተመለሱ።

«እኔ ነኝ» አለች። «ና ያልኩት እኔ ነኝ። የደወልኩት እኔ ነኝ። እሱማ ፈርቶ፣ መጀመሪያ ሽማግሌ ካልላክሁ እያለ ሲያስቸግረኝ ነው የከረመው። ፉጨቱንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

ከሴቶቹ መሀል አንዷ «ኧረ ጉድ!» አለች። እኔ ልሁን ሌላ ሰው አላስታውስም።

«አሁን ንገረኝ» አለች አምና፣ «እኔ የማን ቡድን ነኝ?»

«የእኔ ነው» አሉ ሼህ ሐሩን፣ ሳያስቡት።

«ከአንተ ቡድን ተጫዋች ሆን ብሎ ለባላጋራው ኳስ ቢያቀብል፣ ባላጋራው የትም ቢቆም፣ ተሰሉል አለበት?»

ሕጉ ለሼህ ሐሩን አዲስ አይደለም። ያውቁታል። በዚህ ሕግ ምክንያት ቴሌቪዥኑን በመስገጃ ሸፍነው የተኙበት ቀን እንዳለ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ቢሆንም ወደ ሰይድ ዞሩ። «እንዲህ ያለ ሕግ አለ?»

የእኔ ወንድም፣ ሚስት በሳህን አድርገው እያቀረቡለት፣ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሼህ፣ እኔ በራሴ ጉዳይ መፍረድ አልችልም። ረዳት ዳኛውን ይጠይቁ።»

ሁላችንም ወደ ብሩክ ዞርን። ብሩክ ሻርፑን ከአንገቱ ፈታ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፤ እኔ እንደገና ስለ ውበት ሊያወራ ነው ብዬ ስሰጋ፣ «ሕጉ ነው» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ያን ዕለት የሠራት ሥራ እሷ ብቻ ናት።

ሼህ ሐሩን ልጃቸውን አዩ። ሰይድን አዩ። መሬት ላይ የተደረደሩትን ጫማዎች አዩ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ሕዝቡ አነሱና፣ በዚያ በኩርሙክ ገበያ በሰለጠነ ድምፅ፣ አንዲት ቃል ተናገሩ፤

«አገባ!»

በቃ። ይቺን ብቻ። ማን እንደሆነ የለ፣ ምን እንደሆነ የለ።

አማርኛ ለሁሉ ነገር ቃል ሞልቶታል፤ ለመቀመጥ ብቻ ስንት አለው መሰላችሁ። ጎል ለሚያስቆጥርና ሚስት ለሚያመጣ ሰው ግን ያዘጋጀው ያችን አንዷን ነው። ታች ሰፈር «ናስር አገባ!» ብሎ ሰማና ናስርን ሊሸከመው ተረባረበ፤ ከበደውና መሬት ለመሬት ጎተተው። እኛ ሴቶቹ ደግሞ «ሰይድ አገባ!» ብለን ሰማንና እልልታውን አቀለጥነው። ሽማግሌዎቹ ለሁሉም እንዲያመች ለሁለቱም አጨበጨቡ።

ሰይድ ፊሽካውን አፉ ላይ አድርጎ ቆሟል። አየሁት፤ ላብ በላብ ሆኗል። «አላገባም» ብሎ ቢሽር፣ የቱን እንደሻረ ማን ያውቃል? አማቱ መሀል ሜዳ ላይ ቆመው በጢማቸው ሥር ፈገግ እያሉ ያዩታል። አምና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ታየዋለች። በሕይወቱ ሙሉ አንድም ነገር በዝምታ አሳልፎ የማያውቀው ወንድሜ ፊሽካውን ነፋ፤ አንዴ፣ እንደገና፣ ሦስተኛውን ረዘም አድርጎ። ጨዋታው አለቀ።

ዘግይቶ የደረሰ አንድ ባጃጅ ነጂ አንገቱን አውጥቶ «ማን አገባ?» ብሎ ጮኸ።

«ዳኛው!» አሉት ልጆቹ።

«አሁንስ በግልጽ ጀመሩት!» ብሎ ተራግሞ ሄደ።

ሰርጉ ተሠርቷል፣ ከበሮው ተመትቷል፣ ሙሽሮቹ ቤት ገብተዋል። የጨዋታው ውጤት ግን እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ታች ሰፈር አንድ ለባዶ ይላል፣ ላይ ሰፈር ባዶ ለባዶ ይላል፤ ሱቄ በር ላይ በዚህ ያልተጣላ የለም። ሰይድን ብጠይቀው «እትዬ፣ ተይኝ» ይለኛል፤ ዳኝነቱን ያወለቀው በዚያች በአንዷ ጉዳይ ብቻ ነው።

ባለፈው ሼህ ሐሩን ስኳር ሊገዙ መጡ። ብቻቸውን ነበሩ። ስኳሩን እየመዘንኩ፣ ዘመድ ሆነናልና በድፍረት ጠየቅኋቸው። «ሼህ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ። ያን ቀን አገባ ያሉት የትኛውን ነው? ኳሱን ነው ልጁን?»

ሼህ ሐሩን ስኳራቸውን ተቀበሉ፤ ጋዜጣውን አገላብጠው አዩት፤ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ያ ኡክቲ» አሉኝ፣ እህቴ ማለታቸው ነው፣ «አማርኛ የእናንተ ነው። እኔ ያገኘሁትን ቃል ነው የተናገርኩት።»